የኮምፒውተር ዓይን

ሰው በገዛ አፉ ያወጣው ቃል ዞሮ መንገድ ላይ ሲይዘው አይታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ ተዋበች፣ ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ የሰው ዓይን እየገለጥኩ ጠብታ ሳንጠባጥብ የኖርኩ ነርስ፣ በ2009 ዓ.ም. ሚያዝያ ላይ አርብ ገበያ መሀል እንዲያ ተይዣለሁ። ጥፋቱ የራሴ ስለሆነ ደብቄው ብኖር ይሻለኝ ነበር። ነገር ግን ልጅ ያስተማረ ሁሉ ሊሰማው የሚገባ ሆኖ ስላገኘሁት እነሆ እናገራለሁ።

ሥራዬ ንፋስ መውጫ ነው። በዚያ ሳምንት ለዓይን ምርመራ ወደ ታች ጋይንት፣ አርብ ገበያ ከተማ ወርጄ ነበርና ዓርብ ዕለት ጨርሼ ለመመለስ ሚኒባስ ውስጥ ገባሁ። ረዳቱ «አንድ ሰው ብቻ! አንድ ሰው!» እያለ ይጮኻል፤ ውስጥ ያለነው ግን እኔና አንዲት ሁለት ዶሮ የያዘች ሴት ብቻ ነን። መጠበቅ ደግሞ አልሆነልኝም። ሻንጣዬን ወንበሩ ላይ ትቼ ወረድኩና በገበያው ዳር ስንጎራደድ አንዲት የተጫነች አህያ አየሁ።

አህያማ በዓርብ ቀን ሞልቷል። ይቺ የተጫነችው ግን እህል አልነበረም። የተጠቀለለ የስፖንጅ ፍራሽ፣ አንድ ባልዲ፣ አንድ ሻንጣ፣ በፌስታል የታሰረ ደብተር። የተማሪ ዕቃ ነው። የተማሪ ዕቃ ደግሞ በሚያዝያ ወደ ቤት አይጫንም፤ የዓመቱ ምዘና በግንቦት ነውና። አጠገቧ አንዲት ወጣት ነጠላዋን እስከ ቅንድቧ ስባ ቆማለች። አንድ ጥምጥም የጠመጠሙ አዛውንት መቁጠሪያቸውን በእጃቸው ጠቅልለው የጭነቱን ገመድ እየነኩ «ጠበቅ አድርገው» ይላሉ። ገመዱን የሚያጠብቀው ቸኮል የሚባል ጎረቤታቸው ነው፤ አህያዋም የእሱ ናት። እንደ ስሙ የቸኮለ ሰው ነው፤ ዓይኑ ከፀሐይዋ አይነቀልም።

«እንደምን ዋሉ የኔታ?» አልኩ ወደ አዛውንቱ ጠጋ ብዬ።

«እግዚአብሔር ይመስገን። እንደምን ዋልሽ ልጄ?»

«ልጅቷ ከትምህርት መምጣቷ ነው? አሁን ደግሞ ምን ዕረፍት አለ?» አልኩ። ያልተጠራሁበት ነገር ውስጥ መግባት አመሌ ነው። ባለቤቴ ካሳ በዚህ ሁሌ ይቀልድብኛል፤ እኔም አልተውኩት።

«ዕረፍትስ አይደለም። ጨርሳ መመለሷ ነው።»

«እሰይ! ተመረቀች?»

«አልተመረቀችም። ዓይን ገብቶባት ነው።»

«የማን ዓይን?»

«የሰውማ ቢሆን መድኃኒቱን እናውቀው ነበር» አሉ ትንፋሽ ስበው። «የኮምፒውተር ዓይን ነው።»

እውነቱን ልናገር፣ ጆሮዬ ጋለ። ያንን ቃል በዚህ አገር ላይ ያወጣሁት እኔ ነኝ። በጥር ወር ንፋስ መውጫ አንድ ኮሌጅ ጠርቶኝ ለሁለት መቶ ያህል ተማሪ ስለ ዓይን ድካም ትምህርት ሰጥቼ ነበር። የሕክምና ስሙን ብነግራቸው ይተኛሉ ብዬ አጠር አድርጌ «የኮምፒውተር ዓይን» አልኩት። በቃሉም ኮርቼበት ነበር። አሁን ግን ከእኚህ አዛውንት አፍ ስሰማው ምን ዓይነት ቃል እንደሆነ ገባኝ። እኛ አገር «የሰው ዓይን» ሲባል ምን ማለት እንደሆነ ሕፃኑም ያውቃል። የሰው ዓይን እንዲያ ከሆነ የኮምፒውተር ዓይን ሌላ ምን ሊሆን ኖሯል?

እናም ልናዘዝ፤ ወዲያው «እኔ ነኝ» አላልኩም። ፈራሁ። «ማን ነገራችሁ የኔታ?» ብዬ ጠየቅሁ፣ ምንም እንደማላውቅ።

«እንግዲህ ከጀመርኩት ልንገርሽ» አሉና ከአንድ የጤፍ ጆንያ ጫፍ ላይ ተቀመጡ። «ስሜ መሪጌታ ቀለመ ወርቅ ይባላል። ቤቴ በስማዳ በኩል ነው፤ ከዚህ በእግር የግማሽ ቀን መንገድ። ይቺ ሕሊና የልጄ ልጅ ናት፤ እናቷ ካረፈች ወዲህ ያሳደግኋት እኔ ነኝ። ኮምፒውተር ልማር ብላ አለቀሰችብኝ፤ ትማር ብዬ ላክሁ። በገባች በሦስተኛው ወር ዓይኗ ይቃጠላል፣ ያለቅሳል፣ ማታ ማታ ራሷን ይወጋታል፣ ፊደሉ ሁለት ሁለት ይሆንባታል። እኛ ግራ ገብቶን ሳለን ከጤና የመጣች አንዲት ነርስ ለተማሪው ሁሉ ተናገረች አሉ። ‹የኮምፒውተር ዓይን የሚባል አለ፤ ብዙውን ተማሪ ይዞታል፤ የሚይዘውም ሳይታወቀው ነው› ብላ። ያቺን ነርስ እግዚአብሔር ይባርካት! እሷ ባትናገር ልጄ ዓይኗ ጠፍቶ ነበር የምንደርስባት።»

እየተመረቅሁ እንዲህ ያፈርኩበት ቀን የለም።

ቢሆንም የተማርኩት አላስቀመጠኝምና በባለሙያ ወግ ጀመርኩ። «የኔታ፣ ይህ የግንዛቤ እጥረት ነው። ዓይን አቅራቢያ ያለን ነገር ለረጅም ጊዜ ሲያይ ጡንቻው ይዝላል፣ እርጥበቱም ይቀንሳል…» እያልኩ በወረቀት ላይ እንደምናነበው አድርጌ አንበለበልኩት።

መሪጌታ በትዕግሥት ሰሙኝና «ልጄ፣ ደግ ተናግረሻል። ግን ያቺ ነርስ ከአንቺ የበለጠ ሳታውቅ አትቀርም። እሷ በስሙ ነው የጠራችው» አሉ።

ከዚህ በኋላ ምን መውጫ አለ? ቸኮል «የኔታ፣ ፀሐይ እኮ አትጠብቀንም» ሲል ሰማሁ። አህያዋ ከተነቃነቀች ልጅቷ ምዘናው ያመልጣታል፣ ዓመቱ ይቃጠላል፤ አንድ ዓመት ቤት የተቀመጠች ልጅ ደግሞ ሳትጠየቅ የሠርግ ቀን ይቆረጥላታል። ይህ ሁሉ በእኔ አንድ ቃል!

«የኔታ» አልኩ፣ «ያቺ ነርስ እኔ ነኝ።»

ሕሊና ቀና አለች። ነጠላዋን ከቅንድቧ ገፋ አድርጋ አየችኝ። ዓይኗ ቀልቷል፤ ግን የደከመ ዓይን እንጂ የታመመ ዓይን አይደለም፣ እሱን መለየት እንጀራዬ ነው።

«ኧረ እሳቸው ናቸው አባባ!» አለች። «ድምፃቸውን አወቅሁት።»

«ፊቴንስ?» አልኳት።

«ፊትዎንማ አላየሁም ሲስተር። ኋላ ነበርኩ የተቀመጥኩት፤ እ… ስልክ እያየሁ ነበር። ‹የኮምፒውተር ዓይን› ሲሉ ብቻ ደንግጬ ቀና አልኩ፤ ከዚያ ጓደኛዬ መልእክት ላከችልኝና ተመለስኩ።»

አንድ ሰዓት ሙሉ የለፋሁበት ትምህርት! ሳቄም ንዴቴም አንድ ላይ መጣ። ስለ ስልክ ጉዳት ሳስተምር ስልክ እያዩ የሰሙኝ ስንት እንደነበሩ እግዜር ይወቀው። ይሁን እንጂ ልጅቷን ብቻ ልወቅስ አልችልም፤ ዓይኗን ከስልኩ የሚያነሳ ነገር ያልነገርኳት እኔ ነኝ።

መሪጌታ ግን አልሳቁም። ቅንድባቸውን ሰብስበው አዩኝ። «እንግዲህ ልጄ፣ ንገሪኝ። የዋሸሽው ያኔ ነው ወይስ አሁን?»

«ያኔም አልዋሸሁ፣ አሁንም አልዋሽ። ያኔ ግን ቃሉን አበላሸሁት። ‹የኮምፒውተር ዓይን› ስል በኮምፒውተር የደከመ ዓይን ማለቴ ነበር። ኮምፒውተሩ ዓይን አለው፣ ሰው ይበላል ማለቴ አልነበረም። ጥፋተኛዋ እኔ ነኝ፤ ይቅርታ አድርጉልኝ።»

«ይቅር ይበልሽ። ነገሩ ግን በይቅርታ አያልቅም» አሉ። መቁጠሪያቸውን ከግራ ወደ ቀኝ እጃቸው አዞሩ። «እኔ እንደ ወሬ ሰሚ አይደለም የፈረድኩት፤ ፈትኜ ነው። በየካቲት አስመጥቼ ሰባት ቀን ጸበል አስገባኋት። በሦስተኛው ቀን ዓይኗ ጠራ፣ ራስ ምታቱ ተወ። በሰባተኛው ቀን ድና ተመለሰች። ኮሌጅ በገባች በሳምንቷ እንደገና ባሰባት። እንግዲህ ከዕቃው ስትርቅ ከዳነች፣ ስትቀርብ ከታመመች፣ ዓይን ያለው ዕቃው አይደለምን?»

ሊቅ ናቸው ብያችኋለሁ? ካላልኩ አሁን ልበል። ብዙ የተማረ ሰው እንዲህ አድርጎ ነገር አያስረዳም።

«በጸበሉ አልከራከርዎትም፤ እኔም አምናለሁ» አልኩ። «ግን ሕሊናን አንድ ነገር ልጠይቃት። ጸበል በነበርሽበት ሰባት ቀን ስልክሽ የት ነበር?»

«እዚያ ስልክ ክልክል ነው፤ አባባ ጋ ነበር» አለች።

«ይኸው!» አሉ መሪጌታ እንደ ረታ ሰው እጃቸውን አጨብጭበው። «አልኩሽ አይደል? ስልኩ ነው! ይሄም እኮ የኮምፒውተሩ ዘመድ ነው። ደግሞ ዓይን አለው፤ ከጀርባው፣ ፎቶ የሚያነሳበት። በገዛ ዓይኔ አይቼዋለሁ፤ ክብ ነው፣ አይጨፈንም።»

ቸኮል ከገመዱ ቀና ብሎ «እሱስ እውነት ነው፣ አይጨፈንም» አለ። ይሄ ደግሞ ማን ጠየቀው!

ትዕግሥቴ ሊያልቅ ሲል ግን ያች «አይጨፈንም» የምትል ቃል ጠቀመችኝ። «የኔታ» አልኩ፣ «ፍርድ ከሆነ ምስክር ይቁጠር። መቁጠሪያዎን ይያዙ። ሕሊና፣ አንቺ ስልክሽን አውጪና የምትወጂውን እይ፤ ምን እንደምንቆጥር አልነግርሽም።» ወደ መሪጌታ ጆሮ ጠጋ ብዬ «ዓይኗን በጨፈነች ቁጥር አንድ ዶቃ ያሳልፉ» አልኳቸው። እኔ ሰዓቴን ያዝኩ።

ሕሊና ስልኩን አወጣች። አንገቷ ታጠፈ፣ ስልኩ ወደ አፍንጫዋ ቀረበ፣ ፊቷ ጸጥ አለ። ገበያው ዙሪያዋን ይንጫጫል፤ እሷ የለችም። መሪጌታ ጎንበስ ብለው ዓይኗን ሰርስረው ያያሉ። አንድ ዶቃ አለፈች። ቆየች። ሌላ አለፈች። ቸኮልም ገመዱን ለቆ አፉን ከፍቶ ያያል።

«በቃ! አንድ ደቂቃ ሞላ። ስንት ሆነ?»

«አምስት» አሉ። «ኧረ ዶቃው ከእጄ አልንቀሳቀስ አለ እኮ!»

«አሁን ስልኩን ለእኔ ስጪኝ። ወዲያ ማዶ ከብት ተራውን እያየሽ አባባን ስለ መንደራችሁ አጫውቺያቸው።»

ሕሊና ስለ አንዲት ከወንዝ ማዶ የጠፋች ጊደር ማውራት ጀመረች። ዶቃዎቹ ተከታትለው መውረድ ጀመሩ። ደቂቃው ሲሞላ መሪጌታ መቁጠሪያውን ወደ ላይ አንስተው ሁለት ጊዜ ቆጠሩት። «አሥራ ሰባት።»

«ይኸው ነው የኔታ። ሰው ዓይኑን ሲጨፍን እንባው ብሌኑን ይቀባዋል፤ ዓይን የሚታጠበው በዚያ ነው። ስልክና ኮምፒውተር ላይ ያፈጠጠ ሰው መጨፈኑን ይረሳል። ብሌኑ ይደርቃል፣ ይቃጠላል። ያ ደረቅ ዓይን ደግሞ መልሶ ያለቅሳል፤ እንባው ግን ዘግይቶ የመጣ ነው። ቅርብ ያለውን ይዞ የሚቆየው የዓይን ጅማትም እንደ አራሽ ክንድ ይዝላል፤ ከዚያ ፊደሉ ሁለት ይሆናል፣ ግንባር ይወጋል። ዓይን አይጠፋም። ዕረፍት ካገኘ ይመለሳል፤ በጸበሉ ቦታ ያየነውም ይህንኑ ነው፤ እግዚአብሔር ማራት፣ ዓይኗም አረፈ።»

ያሳመንኳቸው መስሎኝ ደስ ሊለኝ ሲጀምር መሪጌታ ራሳቸውን ነቀነቁ።

«አይሆንም ልጄ። እሺ ብዬሽ ነበር፤ ግን አንድ ነገር ቀረኝ። እኔ ቁም ጸሐፊ ነኝ። አርባ ዓመት ብራና ላይ አቀርቅሬ ዳዊትም ተአምረ ማርያምም ጽፌአለሁ። ከጠዋት እስከ ማታ ቅርብ ነው የማየው፣ ፊደሉም ከስልኩ ፊደል ያነሰ ጊዜ አለ። ማፍጠጥ የሚጎዳ ቢሆን እኔ ዛሬ በሰው እጅ ነበር የምመራ። ይኸው ዓይኔ ደህና ነው፤ ለቅርቡ ብቻ ይቺን መነጽር አደርጋለሁ፣ እሱም በእርጅና። እንግዲያው የሚጎዳው ማየቱ ሳይሆን ዕቃው ነው ማለት አይደለም?»

በስልጠናችን ላይ ስለ ቁም ጸሐፊ ያነሳ ሰው የለም። ስለዚህ መከራከሩን ትቼ ጠየቅሁ፤ ቀድሞም ይህን ማድረግ ነበረብኝ።

«እንዴት ነበር የሚጽፉት የኔታ? አንድ ቀን ከጠዋቱ ጀምረው ይንገሩኝ።»

ፊታቸው በራ። ስለ ሥራው የሚጠይቀው ያገኘ ሰው እንዴት እንደሚደሰት ታውቃላችሁ። «ጠዋት ፀሐይ ደጃፌ ላይ ስትደርስ እወጣለሁ፤ ከቤት ውስጥ ጨለማ አይጻፍም፣ ከፀሐይም ፊት ለፊት አይጻፍም። ብራናውን ጉልበቴ ላይ አደርጋለሁ፤ ቀና ብዬ ነው፣ ከዓይኔ ዝቅ ብሎ፣ ክንድ ያህል ርቆ። መቃዬን ቀለም አጠቅሳለሁ። አንድ ዓምድ እጽፋለሁ። ዓምዱ ሲያልቅ መቃውን አስቀምጬ ተነሥቼ ዓይኔን አሰማራለሁ። ከዚያ…»

«ዓይንዎን ምን ያደርጋሉ?»

«አሰማራለሁ። የእኛ የጸሐፊዎች ቃል ነው፤ ያስተማሩኝ የእስቴው የኔታ ተክለ ማርያም የሚሉት ነው። ማዶ ያለውን ተራራ አያለሁ፣ መስኩን አያለሁ፣ ዛፉን እየቆጠርኩ አንድ አቡነ ዘበሰማያት እደግማለሁ። ዓይኔን ልክ እንደ ከብት መስክ እለቀዋለሁ። ከዚያ ነው ሁለተኛውን ዓምድ የምጀምር። እንዲህ ካላደረግሁማ…»

እዚህ ላይ ቆሙ። አፋቸው እንደተከፈተ ቀረ።

«እንዲህ ካላደረጉስ?» አልኩ ቀስ ብዬ።

መሪጌታ ወደ ልጅቷ አዩ። ድምፃቸው ዝቅ አለ። «ተማሪ ሳለሁ ጓደኞቼን ቀድሜ ልጨርስ ብዬ ሳላሰማራ ከርሜ ነበር። ሁለት ሳምንት ሙሉ ቀና ሳልል። ዓይኔ ተቃጠለ። ፊደሉ ሁለት ሁለት ሆነብኝ። ራሴን ወጋኝ። ዓይነ ጥላ ይዞኛል፣ ትምህርቱ አልተፈቀደልኝም ብዬ ጓዜን ጠቅልዬ ወደ አገሬ ጠፋሁ። የኔታ ተክለ ማርያም በእግራቸው ተከትለው ደረሱብኝ። ‹ብራናው ምን አደረገህ? አንተ ነህ ዓይንህን አስረህ ያዋልከው› ብለው መለሱኝ። ባይመልሱኝ ኖሮ ዛሬ መሪጌታ የሚለኝ አልነበረም።»

ቸኮል እንኳ ፀሐይዋን ማየት ትቶ ነበር።

«አባባ» አለች ሕሊና፣ «ይህን ነግረውኝ አያውቁም።»

«አሳፍሮኝ ነው ልጄ። የጠፋሁበትን ማን ይናገራል!» ዓይናቸው እንባ ሞላ። «እኔን ተከትለው መለሱኝ፤ እኔ ግን አንቺን መጥቼ አወጣሁሽ።»

እኔም አለቀስኩ፤ ምን እደብቃለሁ። እኔ ከስልጠና ወረቀት ላይ «በየሃያ ደቂቃው ሃያ ሴኮንድ ራቅ ያለ ነገር ማየት» ብዬ የማስተምረውን እኚህ ሰው ከዓምድ እስከ ዓምድ፣ በአቡነ ዘበሰማያት እየለኩ አርባ ዓመት ሠርተውታል። አገሩ የሚያውቀውን ነገር በባዕድ ስም ጠርቼ አስፈራራሁት። የተማርን ሰዎች ይህ አመላችን መቼ እንደሚለቀን እንጃ።

መሪጌታ እንባቸውን በጋቢያቸው ጫፍ ጠርገው አሁን ደግሞ ወደ ልጅቱ ዞሩ። «በቀን ስንት ሰዓት ነው ያንን ኮምፒውተር የምታይው?»

«ኮምፒውተሩንስ ሦስት ሰዓት ቢሆን ነው። ለአንዱ ሦስት ሆነን ነው የምንደርሰው።»

«ስልኩንስ?»

ሕሊና መሬት መሬት አየች። «ስድስት… ሰባት ሰዓት።»

«ሰባት ሰዓት!» አሉ ደረታቸውን ይዘው። «እኔ እኮ ለሰላምታ ብቻ መስሎኝ! ሰባት ሰዓት ምን ይባላል? ሰላምታው አያልቅም?»

«ማስታወሻውም፣ መጽሐፉም፣ ወሬውም፣ ፊልሙም በዚያው ነው አባባ። ጋቢ ተከናንቤም አያለሁ፣ ብርሃኑ ጓደኞቼን እንዳይቀሰቅስ። ግን እኮ እኔ ብቻ አይደለሁም፤ ክፍላችን ውስጥ ዓይኗ የማይቃጠል የለችም። ሁላችንም ትምህርቱ ከብዶን ነው ብለን ነው የምናስበው። ገሚሱ ከገበያ መነጽር ገዝቷል።»

ችግሩ ይኸው ነው። ልጆቻችን ዓይናቸው ሲቃጠል ማንቂያ መሆኑን አያውቁም። አንዱ በትምህርቱ ያመካኛል፣ አንዱ በአቧራው፣ አንዱ ያልተለካለትን መነጽር ገዝቶ ያብሰዋል፣ ቤተሰቡ ደግሞ ዓይን ገባበት ብሎ ይደነግጣል። ስልኩን ዝቅ አድርገህ ቀና በል የሚል አንድ ሰው ይጠፋል።

«ስልኩን ልጣለው?» አለች ሕሊና፤ ሳታምንበት ግን።

«አትጥይም፤ እንጀራሽ ነው» አልኳት። «ከጋቢ ሥር አውጪው፤ ጨለማ ውስጥ አይታይም። ከፊትሽ ክንድ ያህል አርቂው፣ ከዓይንሽ ዝቅ ይበል። ብርሃኑን እንደ ክፍሉ ብርሃን አድርጊው። ለወሬ ስትይ የምታይውን ቀንሺ። ዓይንሽን ጨፈን ጨፈን ማድረግን አትርሺ። ሰኞ ደግሞ እኔ ዘንድ ትመጫለሽ፤ መነጽር የሚያስፈልግሽ እንደሆነ ለክቼ አያለሁ። ይህን ሁሉ አድርገሽ ካልተሻለሽ ሌላ ነገር እንፈልጋለን እንጂ ትምህርት አንተውም።»

«ዋናውን ዘለልሽው» አሉ መሪጌታ።

«የቱን?»

«ዓምድ ሲያልቅ ማሰማራቱን!» አሉ። ከዚያ ለሕሊና፣ «የስልክ ዓምድ የት እንደሚያልቅ እኔ አላውቅም። አንቺ ወስኝ። ግን አንድ አቡነ ዘበሰማያት የሚያህል ጊዜ ማዶ ማዶውን ታያለሽ። ትምይልኛለሽ?»

«እሺ አባባ።»

«እንግዲህ» አለ ቸኮል፣ «ልሂድ ወይስ ላውርድ? አንዱን ንገሩኝ።»

መሪጌታ ተነሡ። በዚያን ጊዜ ዙሪያችን ሰው ተሰብስቦ ነበር፤ ገበያ ላይ ሁለት ሰው ከተነጋገረ ሃያ ሰው ይቆማል። ከመካከሉ አንድ የአገራቸው ሰው «የኔታ፣ ልጅቷን ይዘዋት ሊሄዱ አልነበረም እንዴ? ዓይን ገብቶባታል ሲሉ ሰምተን» አላቸው። ስንቱ ሊቅ በአደባባይ «ተሳስቻለሁ» ይላል? እኔ ራሴ ከአንድ ሰዓት በፊት በሦስት ሰው ፊት ማለት አቅቶኝ ነበር።

መሪጌታ ቀለመ ወርቅ ግን ድምፃቸውን ከፍ አድርገው «ስቼ ነበር» አሉ። «ልጄን ዓይን አልገባባትም። እኔ ነኝ ያላየሁት። ቸኮል፣ አውርደው!»

ገመዱ ሲፈታ ሕሊና የአያቷን ጉልበት ሳመች፤ እሳቸው ደግሞ ቀና አድርገው ግንባሯን ሳሟት። ሚኒባሱም እስከዚያ ሞልቶ ኖሮ ረዳቱ እየተሳደበ ይጠብቀን ነበር፤ ዕቃውን ሲያይ ስድቡን ጨመረ። መሪጌታ በመስኮቱ ጎንበስ ብለው «አንቺም ነርሷ» አሉኝ፣ «ያንን ቃል ካወጣሽበት ሄደሽ መልሽው።»

መለስኩት። በሚቀጥለው ረቡዕ ኮሌጁ ሄጄ በዚያው አዳራሽ ቆምኩ። መጀመሪያ ስልኩን ሁሉ ወደየኪሳቸው አስከተትሁ። ከዚያ «ዓይናችሁ የሚቃጠል፣ ራሳችሁን የሚያማችሁ እጃችሁን አውጡ» አልኩ፤ ከግማሽ በላይ ወጣ። «ከምን እንደመጣ የምታውቁስ?» ስል ዘጠኝ እጅ ብቻ ቀረ። «እንግዲህ በጥር ያስተማርኳችሁ እኔ ነኝ፤ አበላሽቻለሁ» ብዬ ጀመርኩ። ሳቁ። ሰሙኝም። ሕሊና ከፊት ተቀምጣ ነበር፤ ተነሥታ በራሷ ላይ የደረሰውን፣ ዶቃውን ሳይቀር፣ ነገረቻቸው። ከእኔ ትምህርት የእሷ ይበልጥ ገባቸው።

ሰኞ ለክቼ ባየሁት መነጽር አላስፈለጋትም። በሁለተኛው ሳምንት ራስ ምታቱ ተዋት። የኮምፒውተር መምህራቸው የክፍሉን መጋረጃ አስነስቶ ወንበሮቹን ከጀርባቸው የሚመጣው ብርሃን ኮምፒውተሩ ላይ እንዳያርፍ አዙሯል፤ በየመሀሉም ሁሉም ተነሥተው በመስኮት ያያሉ። በወሩ ወደ እኔ ክፍል የሚመጣው የዚያ ኮሌጅ ተማሪ በግማሽ ያህል ቀነሰ። የሠራነው ትልቅ ነገር የለም፤ መድኃኒት አልገዛንም፣ ማሽን አላመጣንም። ልጆቹ ሲቃጠላቸው የሚያደርጉትን አወቁ፣ ወላጆቻቸውም ሳይደነግጡ መጠየቅ ለመዱ። ለዓይን ይህ ብዙ ነው። ልጅ ያላችሁ ሁሉ ዛሬ ቤታችሁ ስትገቡ ከመቆጣታችሁ በፊት ጠይቋቸው፤ ከመፍራታችሁም በፊት ጠይቋቸው።

ሰኔ አጋማሽ ላይ ሥራ መሀል ስልኬ ጠራ። ሕሊና ነበረች፤ ከአያቷ ቤት ነው የምትደውለው።

«ሲስተር፣ አልፌአለሁ! ምዘናውን አልፌአለሁ!»

በሽተኛዬን ትቼ ደጅ ወጥቼ እልል አልኩ። የሰማኝ ሁሉ ሠርግ መስሎት ነበር። ገና የምላትን ሳልጨርስ መሪጌታ ስልኩን ተቀበሏት፤ ሲስቁም ሲያለቅሱም በአንድ ጊዜ ይሰማኛል። ደግመው ደጋግመው መረቁኝ። እኔም የልብ የልቤን ላወራቸው ስጀምር አቋረጡኝ።

«በይ ደህና ዋዪ ልጄ፣ አሁን ልዝጋው» አሉኝ። «ውጤቷን ስትፈልግ ከጠዋት ጀምራ አፍጥጣበት ውላለች። ዓይኗ ይረፍ።»